ለማን ነው የምንቸኩለው?

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከጫኖ ጀምሮ ላንቴን አልፎ እስከ ምዕራብ ዓባያ ድረስ፣ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ የሚታየው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። አይሱዙ በአንድ ጎኑ አስፋልቱን፣ በሌላው አፈሩን ረግጦ ይቆማል። የጭነት ሳጥኑ ወለልና ግድግዳ በሙዝ ቅጠል ይጎዘጎዛል። ጫኞች አረንጓዴውን ሙዝ እየተቀባበሉ ይደረድሩታል፤ ታች ያለው ያቀብላል፣ ላይ ያለው እየረገጠ ያመቻቻል፣ ደላላው ይቆጥራል፣ ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ መታ መታ እያደረገ ይዞራል። ሲመሽ መኪናው ይነሣል። በሆሳዕና በኩል ቢሄድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በሻሸመኔ ቢዞር 500 የሚጠጋ መንገድ ይጠብቀዋል፤ ጎህ ሲቀድ አዲስ አበባ አትክልት ገበያ እንዲገኝ ይፈለጋል። በዚያው አስፋልት ላይ መንገደኛ የሞላው አባዱላ ይከንፋል፣ ረጅሙ አውቶቡስ ያልፋል፣ ቅጥቅጡ በየመንደሩ እየቆመ ይነሣል፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ያጉረመርማል። ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ የአህያ ጋሪው፣ ከግጦሽ የሚመለሰው ከብትና ከገበያ የሚገባው እግረኛም ከዚሁ መንገድ በቀር ሌላ የላቸውም። በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር የሚሄደውና 100 የሚሄደው በአንድ ጠባብ ጥቁር መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሚገናኙት በጨለማ ነው።

ይህን የመሰለ ድብልቅ ሆን ተብሎ የሚዘጋጅበት ቦታ አለ። በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ከምትገኘው «ለማን» ከተማ አጠገብ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ24 ሰዓት የመኪና እሽቅድምድም ይካሄዳል። (ስሙ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ጥያቄ መምሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።) ወደ 13.6 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ዙር በከፊል በሌላው ጊዜ ሕዝብ የሚገለገልበት የአገር መንገድ ነው። 60 የሚያህሉ መኪኖች በሦስት ምድብ ተከፍለው አብረው ይነሣሉ፤ ሃይፐርካር፣ ኤልኤምፒ 2 እና ኤልኤምጂቲ 3 ይባላሉ። ፈጣኑ ዙሩን በሦስት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ሲጨርስ ዘገምተኛው አራት ደቂቃ ይጠጋዋል። እያንዳንዱ የሚወዳደረው ከራሱ ምድብ ጋር ነው፤ መንገዱን የሚጋራው ግን ከሁሉም ጋር ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ሌሊቱን ሙሉ ሥራው መቅደም፣ ዘገምተኛውም ሌሊቱን ሙሉ ሥራው መቀደም ይሆናል። እኔ የምከራከረው ይህ ነው፤ የጋሞ ዞን መንገዶች ችግር ሲነሣ «ፍጥነት» ብለን የምንዘጋው ነገር በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉት፤ አንዱ ያልተደራጀ የፍጥነት ልዩነት፣ ሌላው ያልተቆጠረ የሾፌር ሰዓት። በመኪና ድብልቅ እንጀራቸውን የሚበሉት ሰዎች እነዚህን ሁለቱን የተማሩት በደም ነው፤ ትምህርቱን ለመውሰድ ደግሞ የእነርሱ ዓይነት መኪና አያስፈልገንም።

ከልዩነቱ ልጀምር። 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄዱ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዱ ለሌላው የቆመ ያህል ነው፤ አደጋው የሚበረታው አንዱ 300 ሌላው 240 ሲሆንና አንዱ ስለሌላው መኖር ዘግይቶ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ የለማን አዘጋጆች ምድቡን ከሩቅ እንዲታወቅ አድርገውታል። የቁጥሩ ሰሌዳ ለሃይፐርካር ቀይ፣ ለመካከለኛው ሰማያዊ፣ ለመጨረሻው ብርቱካናማ ነው። ለብዙ ዓመታት የፈጣኖቹ የፊት መብራት ነጭ፣ የዘገምተኞቹ ቢጫ ነበር፤ ሾፌሩ በሌሊት በመስታወቱ የሚመጣበትን ብርሃን ቀለም አይቶ «ይሄ የእኔ ቢጤ ነው» ወይም «ይሄ ሊያልፈኝ ነው» ይላል። ሊቀደም የደረሰ ሾፌር ሰማያዊ ባንዲራ ይውለበለብለታል። ባንዲራው ግን «ጥግ ያዝ» ማለቱ አይደለም። በዚህ ስፖርት የቆየው ልማድ ዘገምተኛው መስመሩን ሳይለቅ፣ ሳይወላውል፣ ቀድሞ የሚገመት ሆኖ እንዲቀጥል ነው፤ በደህና የማለፉ ኃላፊነት በፈጣኑ ላይ ይወድቃል። በእኛ መንገድ ያለው ልማድ ተቃራኒው ነው። ትልቁ ጥሩምባ ይነፋል፣ ረጅም መብራት ያበራል፣ ትንሹ ወደ አፈሩ ይወርዳል። አልወርድም ያለ ጋሪ ነጂ «ባለጌ» ይባላል።

ምድብ መለየት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሲሰይም እንደ ቀልድ ሰማነው እንጂ ትልቅ ሥራ ነበር። መንግሥት ያልሰጠውን የምድብ መለያ ሕዝቡ በስም ሰጥቶታል፤ የትኛው እንዴት እንደሚመጣ፣ ለየትኛው ምን ያህል መሸሽ እንደሚገባ በአንድ ቃል ነግሮናል። የጎደለው ስሙን የሚከተለው ሥርዓት ነው። በሌሊት ከላንቴ ወደ ምዕራብ ዓባያዋ ብርብር ሲኬድ ከፊት ያለው ጥቁር ነገር የአህያ ጋሪ ይሁን፣ የኋላ መብራቱ የጠፋ አይሱዙ ይሁን፣ ወይስ የቆመ መኪና ይሁን የሚታወቀው እላዩ ላይ ሲደረስ ነው። በጋሪ ጀርባ የሚለጠፍ አንጸባራቂ ብጣሽ ዋጋው የአንድ ጎማ ማስጠገኛ አይሞላም። ሆኖም የመንገድ ደኅንነት ሲነሣ ወሬያችን ሁሉ ስለ ሾፌሩ ጠባይ እንጂ ስለዚህ ብጣሽ አይደለም።

ስለ ጠባይ ካነሣን ሰኔ 11 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. በለማን የሆነውን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ውድድሩ ከተጀመረ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነበር። የእንግሊዙ ማይክ ሆውቶርን በጃጓር እየመራ፣ ከእርሱ በጣም ዘገምተኛ የሆነ ኦስቲን ሂሊ የሚነዳውን ላንስ ማክሊንን ቀደመው። ቀድሞት እንዳለፈ ነዳጅ ለመቅዳት ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ፍሬን ያዘ። መቆሚያው ከመንገዱ የሚለየው ግድግዳም ሆነ ማብረጃ መስመር አልነበረውም፤ ከአስፋልቱ ጋር የተያያዘ ዳር ብቻ ነበር። ማክሊን ከፊቱ የቆመበትን ጃጓር ለማምለጥ ወደ ግራ ታጠፈ። በዚያ በኩል ደግሞ ፒየር ሌቬግ የሚነዳው መርሰዲስ ከሁሉም በላቀ ፍጥነት እየመጣ ነበር። መርሰዲሱ የኦስቲን ሂሊውን ጀርባ እንደ መወጣጫ ረግጦ ወደ ተመልካቹ በረረ። ሌቬግን ጨምሮ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመኪና እሽቅድምድም ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ እስካሁን አልደረሰም። ጋዜጦች ለወራት ጥፋተኛውን ፈለጉ፤ ግማሹ ሆውቶርንን ከሰሰ፣ ግማሹ ማክሊንን። ይፋዊው ምርመራ ግን አንዱንም ሾፌር ጥፋተኛ አላለም። መንገዱ ለዚያ ዓይነት ልዩነት አልተሠራም ነበር።

በእኛ አስፋልት ላይ በየቀኑ የሚታየውን አንድ ነገር አሁን እንመልከት። አባዱላ አይሱዙን ደርቦ ይቀድማል። ከ100 ሜትር በኋላ እጁን የዘረጋ መንገደኛ ይታያል፤ ረዳቱ «ወራጅ» ወይም «ጫን» ይላል፤ አባዱላው ወደ ቀኝ ጥግ ይዞ ፍሬን ይይዛል። ከኋላ ያለው አይሱዙ አምስት ቶን ሙዝ ጭኗል፤ መቆም አይችልምና ወደ ግራ ይወጣል። በግራ በኩል ምን እየመጣ እንደሆነ የዚያ ቀን ዕድል ይወስነዋል። ይህ የ1955ቱ የሆውቶርን፣ የማክሊንና የሌቬግ ሦስትዮሽ እንዳለ ነው፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ ተሳፋሪ መያዛቸው ብቻ ነው። ከአደጋው በኋላ ፖሊስ «መንስኤው ርቀትን ጠብቆ አለማሽከርከር» ብሎ ይጽፋል፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የአይሱዙው ሾፌር ቢታሰርም በነጋታው ሌላ አባዱላ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም መንገደኛው የሚጠብቅበት ሌላ ቦታ የለውም፣ ሙዙም የሚጫንበት ሌላ ቦታ የለውም።

የመቆሚያውን ነገር ጠለቅ ብለን ብናየው ጥሩ ነው። ከላንቴ ሙዝ የሚጫነው አስፋልቱ ዳር ነው፤ ሙዙን ከማሳ የሚያመጣው ጋሪም የሚያራግፈው እዚያው ነው። መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ የእኛ ሾፌር የሚያደርገው የታወቀ ነው። ረዳቱ ወርዶ ከዳር ቅጠል ይሰብራል፣ ከኋላ በኩል በተወሰነ ርቀት አስፋልቱ ላይ ይጎዘጉዛል፣ ከጎኑም ድንጋይ ይደረድራል። ይህን ምልክት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሾፌር የለም፤ ቅጠል ካየ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማንም ያላስተማረው፣ ማንም በደንብ ያላወጀው፣ እሽቅድምድም ላይ ከፊት አደጋ ሲኖር የሚውለበለበው ዓይነት ቢጫ ባንዲራ ነው ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ሁለት ነው። በሌሊት ቅጠል አያበራም፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድም ድንጋዩን የሚያነሣ የለም። ያ ድንጋይ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ወጥመድ ሆኖ ይቀራል። የለማን ሰዎችም ይህንኑ የመሰለ ሐሳብ ይዘው ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደጋው በደረሰበት የመንገዱ ክፍል ብቻ ሁሉም መኪና ፍጥነቱን ወደ ተወሰነ ልክ እንዲያወርድ የሚያዝ ሥርዓት ተክለዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አለን ሲሞንሰን የተባለ የዴንማርክ ሾፌር ውድድሩ እንደተጀመረ ሞቶ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ ሰዓቱ ልሻገር፤ እዚህም የምናገኘው ያንኑ ሌቬግን ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ሌቬግ 46 ዓመቱ ነበር፤ የፈረንሳይ ሥሪት በሆነ ታልቦ መኪና ለማን ላይ ቀረበ። ተለዋጭ ሾፌር ነበረው፤ መሪውን ግን አልሰጠውም። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ነዳ። ንጋት ላይ ከሁሉም በፊት ነበር፤ ከሁለተኛው በአራት ዙር ይበልጥ ነበር። ባልደረቦቹ ውረድ ቢሉት እምቢ አለ። 23 ሰዓት ያህል ነድቶ፣ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ሞተሩ ተሰበረ፤ ድሉም ወደ መርሰዲስ ሄደ። ሞተሩ ቀድሞውኑ ሕመም ነበረበት የሚሉ አሉ፤ የደከመ እጅ ማርሹን ስቶ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ አዘጋጆቹ ግን እስኪቋጭ አልጠበቁም። በቀጣዩ ዓመት አንድ ሾፌር በድምሩ ከ18 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ደነገጉ። ዛሬ ደንቡ የበለጠ ጠብቋል፤ አንድ መኪና ሦስት ሾፌሮች ይፈራረቁበታል፣ በየትኛውም 6 ሰዓት ውስጥ አንዱ ከ4 ሰዓት በላይ አይነዳም፣ በ24ቱ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ14 አይበልጥም። ከጀግንነቱ ይልቅ ሰዓቱ ይቆጠራል።

የሙዝ መኪናው ሾፌርስ? የእርሱ ቀን የሚጀምረው መሪ ሲይዝ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ጭነት ይጠብቃል፣ ከደላላ ጋር ይነታረካል፣ ሸራ ያስራል፤ ሲመሽ ይነሣል፤ ሌሊቱን ይነዳል፤ ሲነጋ ወረፋ ይይዛል፣ ያራግፋል። ከዚያም ባዶውን ወይም ሌላ ዕቃ ጭኖ ይመለሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። በምልልስ የሚከፈለው ሾፌር ግን ሰዓቱን የሚቆጥርለት የለም፤ ራሱም ቆጥሮ መቆም አይፈልግም፤ አንድ ተጨማሪ ምልልስ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነውና። ባለቤቱ ራሱ ሲነዳማ አዋጁ ከበር አይገባም። ስለዚህ እንቅልፉን በጫት፣ በቡናና በሙዚቃ ይገፋዋል። አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ሌቬግ እምቢ ያለው ተለዋጭ ሾፌር እያለው ነው። የእኛ ሾፌር ጎኑ ላይ የተቀመጠው ረዳት መንጃ ፈቃድ የሌለው፣ ድካሙ ከእርሱ የማይተናነስ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ከነጋዴው በኩል የሚመጣው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ በቅድሚያ ልመልስ። «ሙዝ ብረት አይደለም፤ ሾፌሩ ሶዶ ላይ አራት ሰዓት ቢተኛ ጭነቱ ይበላሻል» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ለጫሞ ሐይቅ ዓሣ ይህ ክርክር ይሠራል። ዓሣ ከውሃ እንደወጣ ሰዓት ይቆጥራል፤ በቂ በረዶ ከሌለው መኪናው መቸኮሉ አይቀርም። ሙዙ ግን አረንጓዴ እያለ የሚቆረጠው ለምንድን ነው? ሳይበስል ረጅም መንገድ እንዲችል አይደለም? አዲስ አበባ ደርሶም ሰው አይበላውም፤ ወደ ማብሰያ ቤት ገብቶ ቀናት ይቆያል። ቀናት ሊጠብቅ የሚሄድን ዕቃ በሰዓታት ማሳደድ ለሙዙ ሲባል ሊሆን አይችልም። ሙዙን የሚጎዳው ይልቅ ጥድፊያው ነው፤ ያለ ካርቶን፣ በቅጠል ብቻ ተጎዝጉዞ፣ እርስ በርሱ ተደራርቦ ጉድጓድ ላይ ሲዘል የሚላጠውና የሚጠቁረው ይበዛል። ጥድፊያው ለማን ነው ታዲያ? ለማለዳው ገበያ ዋጋ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ደኅና ይሸጣል፣ የዘገየ የተረፈውን ዋጋ ይወስዳል። ይህ ደግሞ የሁሉም ሩጫ እንጂ የአንድ ነጋዴ ችግር አይደለም። ሁሉም መኪና አራት ሰዓት ቢያርፍ ማንም ከማንም አይቀደምም፤ ገበያው አራት ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል፣ አለቀ። ለማን ላይ የሾፌር ሰዓት ሲገደብ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱም ያልተጎዳው ገደቡ በሁሉም ላይ ስለዋለ ነው። አንዱን ነጋዴ ብቻ «አንተ አርፍ» ብንለው ግን የምንከስረው እርሱን ነው፤ ስለዚህ በጎ ፈቃድ እዚህ ቦታ የለውም።

ሌላው ተቃውሞ የሚሰነዘረው በንጽጽሩ ላይ ነው። የሀብታም ጨዋታ ከገበሬ መንገድ ምን አገናኘው? ለማን ላይ የሚሮጠው አንድ መኪና ዋጋው የአንድን ወረዳ በጀት ያስንቃል፤ መንገዱ ለውድድሩ ይዘጋል፤ ሾፌሮቹ አደጋውን ፈቅደው የገቡበት ናቸው። ትክክል ነው፤ ንጽጽሩ የሚሰበርበትም ቦታ ይኸው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ማይክ ሮከንፌለር የተባለው የአውዲ ሾፌር በሌሊት ዘገምተኛ ፌራሪ ሊቀድም ሲል ተጋጭቶ መኪናው እንዳልነበረ ሆነ፤ እርሱ ግን የተረፈው በቀላል ጉዳት ነበር። የአይሱዙ ጋቢና ያን ሊያደርግ አይችልም፤ ጋሪ ላይ የተቀመጠ ሰውማ ምንም የሚሸፍነው የለም። ይህ ግን ክርክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ፈቅደው የገቡት፣ የራስ ቁር ያጠለቁት፣ በካርቦን ቅርፊት የተሸፈኑት ሰዎች ያለ ምድብ መለያ፣ ያለ ሰዓት ገደብና ያለ መቆሚያ አንነዳም ካሉ፣ ሳትፈቅድ የገባችው፣ ማገዶ ተሸክማ ከዶርዜ ቁልቁለት የምትወርደው እናት ምን ይገባታል? የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ከ100,000 ሰው 26.7 ይሞታል። ከዚህ ቁጥር ውስጥ ውድድር መረጥሁ ብሎ የወጣ የለም።

«ዝም ብሎ የሁሉንም ፍጥነት ማውረድ ነው» የሚሉም አሉ። በከፊል እስማማለሁ። አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ዳገት ላይ ባጃጁ ሦስት ሰው ጭኖ ሲያቃስት፣ ከኋላው የጭነት መኪና ሲገፋው፣ ከላይ ሌላ ፍሬኑ የጋለ ሲወርድ እዚያ ፍጥነት መውረዱ ግድ ነው። በገበያ ቀን በሼሌ፣ በብርብር፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚጠማዘዘው ቁልቁለትም እንዲሁ። ነገር ግን ከአርባ ምንጭ እስከ ሶዶ ያለውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል በሙሉ በጋሪ ፍጥነት እንሂድ ማለት የጥቂት ሰዓታቱን መንገድ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ማድረግ ነው፤ ማንም አይታዘዘውም፤ የማይታዘዙት ሕግ ደግሞ ሌሎቹንም ሕጎች ይዞ ይወድቃል። ልዩነቱ ይኖራል። መጥፋት ያለበት ልዩነቱን ይበልጥ የሚያወሳስበው ነው፤ ለምሳሌ ምድብ መቀያየር። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው አለቀ። ለጭነት የተሠራ መኪና ሰው ሲጭን ፍጥነቱ የጭነት፣ ዋጋው የሰው ይሆናል። ለማን ላይ አንድ መኪና ከገባበት ምድብ ወጥቶ በሌላ ምድብ ልሩጥ ቢል ከመነሻው አይታለፍም።

«ማን ያስከብረዋል?» ለሚለው ያለው መልስ አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። የሙዝ ጭነት ከዞኑ ሲወጣ ኬላ ላይ ይቆማል፤ ደረሰኝ ይታያል፣ ይመታል። እዚያው ወረቀት ላይ የተነሣበት ሰዓትና የሾፌሩ ስም ቢጻፍ፣ ሶዶና ሆሳዕና ላይ ቢታይ፣ ከአራት ሰዓት በላይ የነዳ ሰው መኪናውን ጥግ አስይዞ እንዲተኛ ቢደረግ፣ የሚያስፈልገው ማኅተምና ብዕር ነው። ጉቦ ይበላዋል የሚል ይኖራል፤ ሊበላው ይችላል። ሆኖም ኬላ ላይ የቀረጥን ደረሰኝ ለማየት ያልሰነፈ እጅ የሰዓትን ወረቀት ለማየት ይሰንፋል የሚለው አያሳምነኝም። ከዚያ በላይ ግን በጋሞ ምድር ምልክት መከበሩን የሚጠራጠር መስከረም 2011 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። በቡራዩ የፈሰሰውን የጋሞ ተወላጆች ደም ለመበቀል የተነሣ ወጣት አርባ ምንጭ ላይ ሲጎርፍ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ቆመ። ሣሩ ጠመንጃ አልነበረም። የሠራው ሁሉም ትርጉሙን ስለሚያውቅና ከሣሩ በስተጀርባ የቆመው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። የዱቡሻን፣ የጋሞን ባህላዊ ሸንጎ ሽማግሌዎች ትራፊክ ፖሊስ አድርጉ እያልኩ አይደለም፤ እነርሱ ሌላ ሥራ አላቸው። የምለው፣ በዚህ አገር ለቅጠል የሚቆም ሾፌርና ለሣር የሚቆም ወጣት ካለ፣ «ሕዝባችን ሥርዓት አይወድም» የሚለው ሰበብ ከክርክሩ ይውጣ ነው። ትርጉሙ የታወቀ፣ ለሁሉም እኩል የሆነ ምልክት መስጠት የእኛ ዕዳ ነው።

ከየት ይጀመር ቢባል ከላንቴ እላለሁ። ከአስፋልቱ ወጣ ያለ፣ አይሱዙ ሙሉ ጎኑን የሚያስገባበት፣ ጋሪ የሚያራግፍበት፣ አባዱላ መንገደኛ የሚያነሣበትና የሚያወርድበት ጠፍጣፋ ጠጠር ሜዳ፤ ለመግቢያውና ለመውጫው ማብረጃ የሚሆን ጥቂት መቶ ሜትር። ከዚያ ጫኖ፣ ከዚያ ብርብር፣ በደቡብ በኩል ሼሌ። ቦታው ለሙዝ የሚሆን ለም መሬት ነውና ገበሬው በቀላሉ አይለቅም፤ ካሳው ተቆጥሮ ሊከፈለው ይገባል፣ እዚህ ላይ መቆጠብ ነገሩን ከመነሻው ማበላሸት ነው። ከ1955ቱ አደጋ በኋላ የለማን አዘጋጆች የመቆሚያውን ሥፍራ አፍርሰው ዳግም ሠሩት፣ መንገዱን አሰፉት፣ የተመልካቹን መቀመጫ ወደ ኋላ ገፉት። ሥራው በወቅቱ ባለማለቁ በየሰኔው የሚደረገው ውድድር በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ሐምሌ መጨረሻ ተላለፈ። ሙዙን እንዲህ ማስተላለፍ አይቻልም፤ ክረምት ከበጋ ይቆረጣል። ስለዚህ ሜዳው የሚሠራው መኪናው ከጎኑ እየጫነ ነው፤ ዝናቡ ሳይገባ፣ ጠጠሩ ሳይታጠብ፣ በዚሁ በጋ።